የፀሐይ መስታወቱና አንድ ጥግ ጥላ

የጤና ኬላውን የፀሐይ መስታወት ያበላሸሁት እኔ አይደለሁም። በሰው ሁሉ ፊት «አበላሽታለች» ተብያለሁና ይህ ይጻፍልኝ።

ዛሬ ጠዋት አሰላ ባለው ቤቴ ጣሪያ ላይ ሶላር ሊገጥም የመጣው ባለሙያ መስታወቱን ግድግዳ አስደግፎ አቆመው። በጣቴ ነካሁት። ለብ ያለ፣ ልስልስ ያለ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር። ያኔም እንዲሁ ነበር።

ደርግ ጊዜ ነው። እዚሁ አርሲ፣ ጎበሳ አካባቢ ባለች ጤና ኬላ ጽዳት እሠራ ነበር፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ ገና ልጃገረድ ነኝ። የክትባቱ ፍሪጅ በላምባ ስለሚሠራ ክፍሉ ላምባ ላምባ ይሸት ነበር። መስታወቱ በፀሐይ ከሚሠራ አዲስ ፍሪጅ ጋር መጥቶ ግቢው ውስጥ ሲተከል ሽታው ጠፋ። ጭስ የለው፣ ድምፅ የለው፤ ከፀሐይ ብርድ ያወጣል።

ጤና ረዳቱን በጥያቄ አደርቀው ነበር። «ሙቀት እንዴት ብርድ ይሆናል?»

«ሙቀቱን ሳይሆን ብርሃኑን ነው የሚወስደው።»

«ብርሃኑን በምኑ ይይዘዋል?»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ የተማርኩት መርፌ መውጋት ነው» ይልና ይስቃል።

በየጠዋቱ በእርጥብ ጨርቅ እወለውለው ነበር። ኋላ የገበሬ ማኅበሩ አጠገቡ ትልቅ የመፈክር ሰሌዳ አቆመ። ከረፋድ ጀምሮ ጥላው የመስታወቱን አንድ ጥግ ይይዛል። ያን ጊዜ ባትሪው ሳጥን ላይ ያለው የኃይል መለኪያ ቀስት ይወድቃል፤ ጥላው ሲሄድ ይነሳል። ቆሜ ስንት ቀን አየሁት።

ብዙም ሳይቆይ ፍሪጁ ሞቀ፣ ክትባቱ ተበላሸ፣ ስብሰባ ተጠራ። የጤና ኬላውን ድስት በአመድ ፈግፍጌ እንደማብለጨልጭ ሁሉም ያውቃል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ «መስታወቱንም እንደ ድስት ፈግፍጋዋለች» አለ። ሰዉ ሳቀ፤ አመነውም።

«ጥላው ነው» ብዬ ወደ መፈክሩ ጠቆምኩ። ሳቁ ቆመ።

«አንድ ጥግ ቢጋረድ የቀረው የት ሄደ? ወይስ መፈክሩ አልተመቸሽም?» አለኝ።

ከሥራ ተባረርኩ። ጤና ረዳቱ እስከ በሩ ሸኝቶኝ፣ ዙሪያውን አየና፣ «ቀስቱን እኔም አይቼዋለሁ። ልጆች አሉኝ» አለኝ። በዚያው ተለያየን፤ ከዓመታት በኋላ መሞቱን ሰማሁ። እኔ ግን ከዚያ አገር እስክወጣ ድረስ ስሜ «አመዷ» ነበር።

ዛሬ ባለሙያው መለኪያውን ሲያያይዝ መዳፌን ጥጉ ላይ ጫንኩት። ቁጥሩ ወረደ።

«ኧረ እማማ፣ እጅዎን ያንሱልኝ።»

«የቀረው የት ሄደ?» አልኩት።

«ውስጡ ያሉት ቁርጥራጮች እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። አንዱ ሲጋረድ የሌሎቹንም መንገድ ይዘጋል።»

እጄን ሳላነሳ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ቀስቱ፣ ስለ ስብሰባው፣ ስለ ስሜ። «እንግዲህ ፍረድ፤ አመዱ ነው ወይስ ጥላው?»

መለኪያውን መሬት አስቀመጠና ጎንበስ አለልኝ።

«ጥላው ነው፣ እማማ። ያኔም ጥላው ነው።»