ከሁለት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት

ጋሼ ጥፋታቸውን አምነው ፈረሙ ሲሉኝ ተናደድኩ። ሰው እንዴት ያላየውን፣ ያልሰማውን ነገር አምናለሁ ብሎ ይፈርማል?

ለከተማው ባቡር መንገዱ ተቆፋፍሮ፣ ከሳሪስ አቦ ቃሊቲ መድረስ ራሱን የቻለ ሥራ የሆነበት ጊዜ ነበር። እኔ አንድ የመድኃኒት አስመጪ መጋዘን ውስጥ፣ ኮምፒውተር ክፍል እሠራለሁ። ጋሼ የምንላቸው የማቀዝቀዣ ቴክኒሻኑ ናቸው። አባታቸው ድሮ አቃቂ ባቡር ጣቢያ ሠርተዋል፤ እሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን ኮምፕሬሰር ሥር ተንበርክከው ጨርሰው ጡረታቸውን ይጠባበቃሉ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ መብራት ድርግም ብሎ ወዲያው ተመለሰ። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ያኔ መብራት እንዲያ ነበር። የኢንሱሊኑን ክፍል የሚያቀዘቅዘው ኮምፕሬሰር ግን እንደቆመ ቀረ። ማታ ተረኛው ዘበኛ ቴርሞሜትሩን ሲያይ ክፍሉ እንደ ሳሎን ሞቋል። መድኃኒቱ ተበላሸ።

ማታ ክፍሉን ዘበኛ እየዞረ ያየዋል፤ ቀን ግን ጠባቂው ኮምፒውተር ነው። ሙቀቱ ከልኩ ሲያልፍ ለጋሼ ስልክ መልእክት ይልካል፣ ስልኩም መልእክቱ እስኪከፈት ድረስ እየደጋገመ ይጮኻል፣ እሳቸው ሮጠው ይደርሳሉ። እንዲህ ነበር የምናውቀው። አለቃዬ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን አትሞ ለሥራ አስኪያጁ ሰጣቸው። ክፍሉ መሞቅ የጀመረበት ሰዓት ቁልጭ ብሎ ይታያል። እንግዲህ ማሽኑ ሥራውን ሠርቷል፣ ጋሼ ናቸው የዘነጉት ተባለ። ስልካቸው አሮጌ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል፤ መልእክት በየጊዜው ያጠፋሉ። ስለዚህ መጣም አልመጣም ማለት አልቻሉም። ነገሩ ለፖሊስ ሊሰጥ ነው የሚል ወሬም ተነዛ።

በየጠዋቱ በምሳፈርበት ታክሲ ለታሳሪ ስንቅ የያዙ ሴቶች አይጠፉም። ያን ሰሞን ሳህኑን የቋጠሩበትን ፌስታል ባየሁ ቁጥር የጋሼ ባለቤት ድቅን ይሉብኝ ነበር።

«ለምንድነው የፈረሙት?» አልኳቸው ግቢ ውስጥ አግኝቻቸው።

«ጮኾ ይሆናላ፣ ልጄ። ይሄ ጆሮ ስንት ዘመን ሞተር ሲንጫጫበት የኖረ ነው። ባለቤቴም ደንቁረሃል እያለች ስትጨቀጭቀኝ ነው የከረመችው።» ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። «ማሽን ደግሞ ምን ብሎ ይዋሻል?»

ሥራ አስኪያጁ መልእክቱ መላኩ ይረጋገጥ ሲሉ አለቃዬ ሥራውን ወደ እኔ ገፋው። እኔም ፋይሎቹን ከፈትኩ። እንዲህ ያለ ፋይል ማንበብ ምስር እንደ መልቀም ነው፤ ዓይን ከለመደው ጠጠሩንም ምስር ነው ብሎ ያልፈዋል። ሙቀቱን የሚከታተለው ፕለጊን የሚሉት ትንሽ ፕሮግራም ነው። የሚያውቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ክፍሉ ስንት ዲግሪ ነው? ምን ያህል ሲሞቅ እንደሚደነግጥ፣ ለማን እንደሚናገር፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚናገር ትእዛዝ የሚቀበለው ከፋይሉ ነው። ዲግሪው ልክ ነው። የጋሼ ስልክ ቁጥርም ልክ ነው። መልእክት የሚላክበት ሰዓት ከ02:00 እስከ 11:00 ይላል። እሱንም ልክ ነው ብዬ አለፍኩ። ሁለት ሰዓት ገብተን አሥራ አንድ ሰዓት እንወጣ የለ!

ጥቂት መስመር ወርጄ ክፍሉ መሞቅ የጀመረው 13:40 ላይ ነው የሚለውን ሳይ ነው ክው ያልኩት።

የኮምፒውተሩ ሰዓት የፈረንጅ ነው። ለእሱ ሁለት ሰዓት ማለት ውድቅት ነው፤ አሥራ አንድ ደግሞ የእኛ ረፋድ አምስት ሰዓት። ምሳ ሳንበላ አፉን ይዘጋል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ በእሳት ቢያያዝ እንኳ ያያል፣ ይመዘግባል፣ ለሰው ግን ትንፍሽ አይልም። ሲተከል የተሞከረው ጠዋት ነበር፤ ስልኩ ጮኸ፣ ተጨበጨበ፣ ለስላሳ ተጠጣ።

ፋይሉን የጻፈው አለቃዬ ነው። ሥራ ያስለመደኝም እሱ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ጠርቼ አሳየሁት። ስክሪኑን አየ፣ ከዚያ የእጅ ሰዓቱን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አስተካክይውና ዝም በይ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እሳቸው እንደሆነ አምነዋል። ጡረታቸውም ደርሷል። እኔ ግን ገና ልጆች እያሳደግኩ ነው።»

አሳዘነኝም፣ አስጠላኝም። «ሽማግሌው ይታሰሩልህ?» ብዬ ጮኽኩበት። እኔ ስናደድ ድምፄን መቆጣጠር አልችልም፤ ኮሪደሩ በሙሉ ሰማ። በዚያው ንዴቴ ወደ ሥራ አስኪያጁ ወጣሁ። የእኛንና የፈረንጁን ሰዓት እያነጻጸርኩ አስረዳኋቸው። የጋሼን ፊርማ ውድቅ አደረጉት፤ የፖሊሱም ወሬ ቀረ። አለቃዬ ላይ የደመወዝ ቅጣት ተወሰነበት፤ ከዚያ በኋላ ሰላምታ ነፈገኝ።

ጋሼ ሲነገራቸው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። «ጆሮዬ አይደለማ!» አሉ። መታሰር መቅረቱን ከነጭራሹ አላነሱትም። ለሹፌሮቹ፣ ለዘበኞቹ፣ በር ላይ ላለው ባለሱቅ ሳይቀር «ጆሮዬ ደህና ነው፣ ኮምፒውተሩ ነው የደነቆረው» እያሉ ሲያወሩ ዋሉ። ወጣት ሆኑ።

በማግስቱ ሰዓቱን አስተካከልኩና ከሰዓት በኋላ የሙከራ መልእክት እንዲላክ አዝዤ ወደ ግቢው ወረድኩ። የጭነት መኪኖቹ ወጥተው ግቢው ጭር ብሏል። ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መፍቻቸውን በጨርቅ ይወለውላሉ። ስልኩ በቱታቸው ኪስ ውስጥ ጮኸ። አቁሞ እንደገና ጮኸ። እኔ ጋ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል። እሳቸው መፍቻቸውን ይወለውላሉ።

ተጠግቼ ትከሻቸውን ነካሁ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«እስካሁን አላስተካከልሽውም እንዴ?» አሉኝ እየሳቁ። «ይኸው፣ ዛሬም ጭጭ ነው!»

ስልኩ እየጮኸ ነበር።

«ትንሽ ይቀረኛል፣ ጋሼ» አልኳቸው። ወደ ቢሮ ተመለስኩና ፋይሉን ከፍቼ ከእሳቸው ቁጥር ሥር የራሴን ጻፍኩ።