የአያ መኳንንት ሌላኛው ዓይን

ባለፈው ሰኞ ከዳባት ወደ ደባርቅ ስመለስ፣ የሚኒባሱን መስኮት ተደግፈው ያንቀላፉ አንድ ሽማግሌ አየሁ። ከጎን ሲታዩ አፍንጫቸውና ጢማቸው ለእርሳስ የተመቸ ነበር። ቦርሳዬን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። አያ መኳንንት ትዝ አሉኝ።

ከስድስት ዓመት በፊት ነው። የሥዕል ትምህርቴን ልጨርስ አንድ ዓመት ሲቀረኝ እንቅልፍ አጣሁ፤ ነገር ሁሉ ተምታታብኝ። ወንድሜ ከዩኒቨርሲቲው አውጥቶ ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕሙማን ክፍል አስተኛኝ። ክረምት ነበር። ጉሙ ከጠዋት እስከ ማታ ከመስኮቱ አይለቅም፤ መድኃኒቱ እጄን ያንቀጠቅጠዋል። ቢሆንም ወንዱም ሴቱም በሚገናኝበት በረንዳ ተቀምጬ፣ ነርሷ በምትሰጠኝ የመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ ሕሙማኑን እሥል ነበር። ሁሉንም ከጎን። ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ሲያርፍ ስለምደነግጥ፣ ዞር እስኪሉ እጠብቃለሁ።

አያ መኳንንት የጊች ገበሬ ናቸው፤ በልጅነታቸው በድቁና አገልግለዋል። ከቤት ከሚመጣላቸው የገብስ በሶ ሳያካፍሉኝ አይበሉም። ደስ ይላቸዋል ብዬ አንድ ቀን የሣልኳቸውን ሰጠኋቸው። ካርቶኑን አቅርበውም አርቀውም አዩት።

«አንች ልጅ፣ ምን አየሽብኝ?»

«ምነው አያ?»

«አንድ ዓይን! ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ባንድ ዓይን የሚሣለው ማን ነው? ይሁዳና ሰይጣን አይደሉም? የሰፈሩ ሰው እኔን ጋኔን አለበት ይለኛል፤ አንችም አየሽው?»

«ኧረ ምንም አላየሁም» አልኩ። እውነቴን ነበር። ሳምንት ሙሉ በሷቸውን ስበላ ፊታቸውን አንድ ቀን አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ምግቡንም መድኃኒቱንም እምቢ አሉ። ነርሷ «አያ መኳንንት፣ ጾም እንኳ እኮ ይፈታል!» ብትላቸው ወደ ግድግዳው ዞረው ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን፣ ሲነሡ ጉልበታቸው ከዳቸው።

ካርቶን ይዤ አጠገባቸው ሄድኩ።

«አያ፣ እስቲ ወደኔ ይዙሩ።»

«ያኛውን ጨርሰሽ የለ?»

«አበላሽቼዋለሁ። ይዙሩልኝ።»

ዞሩ። ዓይኖቻቸው ቀልተዋል፤ ግራው ከቀኙ ይጠባል። ባቀረቀርኩ ቁጥር እንደገና ቀና ለማለት ትግል ነበር። እስከ ምሳ ሰዓት ቆየን።

«ይኸ ሰውየ እንዴት ደክሞታል!» አሉ ሲያዩት። ጣታቸውን አንደኛው ዓይን ላይ፣ ቀጥሎም ሌላኛው ላይ አሳረፉ። ከዚያ ለነርሷ መዳፋቸውን ዘረጉላት። «በይ አምጭው፣ ያንን መራራ።»

አሁን ታሪኬን የሚያውቁ ሰዎች «ሥዕሉ ነው አይደል ያዳነሽ?» ይሉኛል። ለመከራከር አቅም ስለሌለኝ ፈገግ እላለሁ። እኔን ያዳነኝ ኪኒኑና እንቅልፉ ነው፤ ሥዕሌማ አንድ ሽማግሌ በረሃብ ሊገድል ነበር። ዛሬ የምሥለው ጥቂት ነው። ሰው ፊት ለፊት መቀመጥ አሁንም ያደክመኛል፤ በማልችልበት ቀን እርሳሴን አላነሣም።