ሽፋናቸው ለኮሌታ የሄደ የጣሊያን መጽሔቶች

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ግርግር በኋላ ለንደን ስገባ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ ብል ማን ይሰማኛል? አዲስ አበባ እህቴ ሱቅ ውስጥ የሙሽራ ቀሚስ ስሰፋ የኖርኩት ሴትዮ ፓርክ ሮያል የሚባል ሰፈር ሳንድዊች ፋብሪካ ገባሁ። ብርዱ! ፀጉሬን በመረብ አስሬ፣ የተቆራረጠ እንቁላል ዳቦ ላይ ስደረድር ሁለት ዓመት ሞላኝ። ከጎኔ ያለችው ቲማቲም ታስቀምጣለች፣ እኔ እንቁላል። እስከ ዛሬ እንቁላል አልበላም።

ስለዚህ ሆሎዌይ ያለ አንድ ኮሌጅ የልብስ ስፌት ኮርስ አፕላይ አድርጌ ሲቀበሉኝ አውቶቡስ ውስጥ እልል አልኩ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ ይየኝ! ማናጀሬ በሳምንት ሁለት ቀን ሺፍቴን ሊቀይርልኝ ተስማማ፣ «ለአንድ ዓመት ብቻ» ብሎ ጣቱን ቀሰረ እንጂ። ያንን ዓመት ካለፍኩ ሁለተኛው ዓመት ከነሥራው ነው፤ ኮሌጁ የቲያትር ልብስ የሚሰፋበት ቤት ያስገባል። ከወደቅኩ ግን መድገም የሚባል ነገር የለም፣ ወደ እንቁላሌ ነው።

ስፌቱን አልፌ ነበር። የቀረኝ የታሪክ ሥራ ነው፤ ስለ አንድ ርዕስ ትልቅ ካርቶን ላይ ሥዕልና ጽሑፍ ለጥፎ ከፈታኞች ፊት ቆሞ ማስረዳት። አስተማሪያችን ርዕሶቹን ባርኔጣ ውስጥ ጠቅልላ አዞረች። አጠገቤ ለተቀመጠችው ልጅ የጂንስ ሱሪ ታሪክ ደረሳት። ለኔስ? «በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የነበረ አንድ የጣሊያን የሴቶች ፋሽን መጽሔት።» አንጀቴ ቅጥል አለ። ዓለም ላይ ስንት አገር እያለ ጣሊያን! ያውም በዚያን ዘመን! ይቀየርልኝ ብዬ ብለምን አስተማሪዋ በትህትና እምቢ አለች፤ እንግሊዝ በትህትና እምቢ ካለ ደግሞ አለቀ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሻይ በሚጠጣበት አዳራሽ ውስጥ፣ ይህንኑ ለሰው ሁሉ ስተርክ አንዲት አሮጊት ከወንበራቸው ቀና አሉ። ሰው ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው፤ ኬንቲሽ ታውን ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሠላሳ ዓመት ቢሮ ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ የወጡ።

«ምን ያስጮህሻል አንቺ ልጅ? እኔ ቤት አለ» አሉኝ።

«ምኑ ነው ያለው እማማ?»

«የጣሊያኑ መጽሔት ነዋ። ሻንጣ ሙሉ አለ። ማክሰኞ ነይ፤ ብስኩት ይዘሽ ነይ ታዲያ፣ ያንን ቸኮሌት ያለውን።»

እንደቀለዱብኝ ነበር የቆጠርኩት። ማክሰኞ ብስኩቴን ይዤ ስሄድ ግን ከአልጋቸው ሥር ሻንጣ ጎተቱ፤ እውነትም መጽሔት! ሃያ የሚሆን፣ ሁሉም ሽፋን የሌለው። ለካስ እማማ በልጅነታቸው፣ ከጦርነቱ በኋላ አዲስ አበባ ከቀረች አንዲት ጣሊያናዊት ዘንድ ስፌት ተምረዋል። ሴትዮዋ አሮጌ መጽሔቶቿን ትታላቸው ሄደች፤ እሳቸውም በደርግ ጊዜ ሲሰደዱ ከልብሳቸው ይልቅ እነዚህን ሻንጣ ውስጥ ጠቀጠቁ።

«ሽፋኑስ የት ሄደ?»

«ኮሌታ ሆነ። ጠንካራ ወረቀት ከየት ይመጣል? ሽፋኑን ቆርጬ የኮሌታ ቅድ አወጣበት ነበር።»

እያንዳንዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ግን በእርሳስ፣ በንጹሕ የተማሪ ጽሑፍ፣ ዓመቱ ተጽፏል፦ 1919፣ 1924፣ 1928፣ 1930፣ 1931። ደስ አለኝ፤ ዓመቱ ካለ ታሪክ አለ ማለት ነው።

ስድስት ማክሰኞ ተመላለስኩ። እማማ ጣሊያንኛውን እያነበቡ ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። በመጀመሪያዎቹ መጽሔቶች ሁሉም ነገር ፓሪስ ነው፤ ፀጉራቸውን የተቆረጡ፣ ቀሚሳቸው ጉልበት ላይ የቀረ፣ ወገብ የሚባል የሌላቸው ቀጫጭን ሴቶች። መካከሉ ላይ የታጠፈ ትልቅ ወረቀት አለ፤ የአሥር ቀሚስ ቅድ አንዱ በአንዱ ላይ ተሥሎበት የተወሳሰበ ክር መስሏል። እማማ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው በጣታቸው አንዷን መስመር ብቻ ተከትለው እጅጌ ያወጣሉ። እኔ አሥራ አምስት ዓመት የሰፋሁት አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ ያሉት መጽሔቶች ይለወጣሉ። መንግሥታቸው ፓሪስ ፓሪስ አትበሉ ብሏል፤ የፈረንሳይኛው ቃል ይጠፋል፣ ሴቶቹ ይወፍራሉ፣ ልጅ ያቅፋሉ። 1928 ላይ ስንደርስ ነጭ የፀሐይ ቆብ ያደረገች ሴት አየሁ።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«ወደኛ አገር ለምትሄድ ሴት የሚሆን ልብስ ነው የሚለው።»

«ሊወሩን ሲመጡ ምን እንደሚለብሱ እያማረጡ ነበር እንዴ!»

እማማ በሳቅ ፈረሱ። ስለወረሩን ዓለም ማዕቀብ ሲጥልባቸው ሱፍ ተወደደባቸውና ከወተት ክር መሥራት ጀመሩ፤ እውነቴን ነው፣ ከወተት! እማማን ያስተማረቻቸው ሴትዮ አንድ እንደዚያ ያለ ቀሚስ ነበራት፤ የክረምት ዝናብ ሲነካው እርጎ እርጎ ይሸት ነበር አሉ። እኛ ላይ የተነሳው ጦር ዞሮ የሴቶቻቸው ቀሚስ ውስጥ መግባቱን ሳይ፣ ያ ሁሉ ንዴቴ የት እንደሄደ እንጃ፣ ሥራውን ወደድኩት።

ካርቶኔን አሳምሬ ሠራሁ። ዓመቶቹን በቀይ ቀለም፣ በትልቁ።

የፈተናው ቀን አስተማሪዬና ከሌላ ኮሌጅ የመጣ አንድ ሽማግሌ ፈታኝ ተቀመጡ። እንግሊዝኛዬ እንደዚያን ቀን ሰምሮልኝ አያውቅም። ስጨርስ ፈታኙ መነጽሩን አወለቀ።

«በጣም ደስ ይላል። ግን በ1919 አውሮፓ ውስጥ ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ የቀረ ሴት አልነበረችም። ጣሊያንም አገርሽን የወረረችው በ1935 ነው፤ አንቺ 1928 ብለሻል።»

እኔ ደግሞ ኩራቴ! «ይቅርታ፣ 1928 ነው። ይህንንማ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ትምህርት ቤት ስንት ጊዜ...» ብዬ ሳልጨርስ ክው አልኩ። የእማማ እርሳስ! በኛ አቆጣጠር ነው የጻፉት። 1928 ጆሮዬ የለመደው ቁጥር ስለሆነ አንዴም አልጠረጠርኩም፤ ሌላውንም ሁሉ እንደ ፈረንጅ ቁጥር አድርጌ ለጠፍኩት። «መጽሔቱ በ1931 ተዘጋ» ብዬ እኮ ጽፌአለሁ! እንቁላሉ ዓይኔ ላይ መጣ።

አላለቀስኩም፣ ሳቄ ነው የመጣው። ምን ላድርግ? «የኛ አገር ዓመት ከእናንተ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ነው» አልኩና ቀለሜን አነሳሁ።

«ሰባት ነው ወይስ ስምንት?» አለ ፈታኙ።

«እንደ ወሩ ነው። ከመስከረም እስከ እናንተ አዲስ ዓመት ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት።»

«ሽፋን የለውም አላልሽም? ወሩን በምን ታውቂዋለሽ?»

ካርቶኑን አየሁት። ልብስ ሰፊ አይደለሁ? «ይቺ የዋና ልብስ ለብሳለች፤ በጋቸው ነው፣ ስምንት ልደምር፦ 1927። ይህ ካፖርት ነው፣ አዲስ የወጣ የብርድ ልብስ፤ መኸር ነው፣ ሰባት፦ 1935። ይቺ ስስ የአበባ ቀሚስ፣ ፀደይ፣ ስምንት፦ 1938።» እያንዳንዱን ቀይ ቁጥር ሰርዤ በላዩ ጻፍኩ። ፈታኙ ከወንበሩ ተነስቶ እስከ ካርቶኑ መጣ። «የልብስ ታሪክ አዋቂ የሚሠራው እኮ ይህንኑ ነው» አለ ለአስተማሪዬ።

አስተማሪዬ ግን ሕግ አዋቂ ናት። መጽሔቱን የሰጠችሽ ሴት ስምና ሙያ ከነፊርማዋ በፎርም ካልገባ ሥራው አይያዝም፣ እስከ ዓርብ አለችኝ። በበነጋው እማማ ዘንድ በረርኩ። ፎርሙን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«አልፈርምም። የካውንስል ወረቀት ነው ይኼ፣ የዚህ አገር ቀበሌ። ቤቴን ሊነኩብኝ ነው?»

«ኧረ እማማ፣ የትምህርት ቤት ነው!»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት። በዚህ አገር ስሜን በሰጠሁ ቁጥር ደብዳቤ ነው የሚከተለኝ።»

አንድ ሰዓት ለመንኳቸው። ተናደድኩ፣ ድምፄንም ከፍ አደረግሁ፤ ወዲያው አፈርኩ። በመጨረሻ ይቅር ብዬ ፎርሙን አጠፍኩ። «በቃ ይተዉት፣ እንቁላሉም አልገደለኝ» አልኩ። እንባዬ ግን አልታዘዘኝም።

«ምኑ ነው እንቁላሉ?» አሉ። ነገርኳቸው። እስከዚያ ድረስ ፈተናው ለኔ ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም ነበር፤ እሳቸው ይበልጡን ለመጫወት የምመጣ ነበር የመሰላቸው።

«አምጪው» አሉ። ስማቸውን ከነአባታቸው ከነአያታቸው ጻፍኩ። ቀጥሎ ሙያ ይላል። ማክሰኞ ስመላለስ ብዙ ፎርም ሞልቼላቸው አውቃለሁና ሳልጠይቅ «ጽዳት» ልጽፍ ስል እጄን ያዙኝ።

«ምን ልትጽፊ ነው?»

ነገርኳቸው። የነጠላቸውን ጫፍ አስተካከሉና ቀና ብለው ተቀመጡ።

«ልብስ ሰፊ በይ።»

ጻፍኩ። አንብቢልኝ አሉ፣ አነበብኩላቸው። ደግሞ አንብቢው አሉ።

ውጤቱ የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ደብዳቤውን ገና ደረጃው ላይ ቆሜ ከፍቼ ወዲያው ደወልኩላቸው። «እማማ፣ አለፍኩ!» ብዬ ጮህኩ።

«አለፍን በይ እንጂ» አሉኝ።