ላስቲክ የለበሰው ቶርኖ

ዛሬም ላስቲክ እንደለበሰ የተቀመጠ ማሽን ሳይ ደሜ ይፈላል።

ስሙ ይቅርና፣ ሰመራ ውስጥ በአንድ የምህንድስና ኮሌጅ አስተምር ነበር። ክልሉ ከሌለው ላይ ቆርሶ አዲስ ቶርኖ ገዛልን፤ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን ነው። መልካ ወረር ያለው የጥጥ እርሻ ፓምፕ በተበላሸ ቁጥር ባለሙያ ከደጋ ከሚጠራ፣ የአገሩ ልጅ ተምሮ ይጠግነው ተብሎ ነው። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ በሩ ተቆለፈ።

ቁልፉን የያዘው የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ወሎዬ ነው፤ ሶላቱን የማያጓድል ጨዋ ሰው። እኛ ዘንድ ዕቃ ሲሰበር የሚጠየቀው የፈረመበት ነው፤ ሳይነካ ዝጎ ቢጣል ግን ማንም አይጠየቅም።

«ወላሂ መምህር፣ አንድ ጥርሱ ቢረግፍ የምታሰረው እኔ ነኝ» ይለኛል።

ስለዚህ ቶርኖውን ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሣልኩት። ከፊት የሚቀመጥ አንድ የገዋኔ ልጅ፣ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ፣ «ቲቸር፣ ማጥፊያው የት ጋ ነው?» አለኝ። በጠመኔው አሳየሁት፤ ደብተሩ ላይ ገለበጠው።

ልጁ ለተግባር ልምምድ አዋሽ ሰባት ኪሎ አንድ ጋራዥ ተመደበ። ሳምንት ሳይሞላው ተደወለልኝ። የቱታው እጅጌ ረዝሞበት ኖሮ፣ የጋራዡ ቶርኖ የሚያሽከረክረው ብረት ጨርቁን ያዘ፤ ከጨርቁ ጋር ቀኝ እጁን ጠቅልሎ ወሰደው። ልጁ እየጮኸ በግራ እጁ ማሽኑን ይዳብስ ነበር አሉኝ። ማጥፊያውን ሲፈልግ ነው። ሮጠው መብራቱን ከዋናው እስኪያጠፉለት አጥንቱ ተፈጭቷል፤ ሐኪሞቹም ከክርኑ በታች ቆረጡት። ጋራዡ ስደርስ አንድ ሠራተኛ የግድግዳውን ደም በናፍታ ያጥባል።

በማግስቱ ሰመራ ተመልሼ ትልቅ መዶሻ ይዤ ወደ ወርክሾፑ ሄድኩ። የንብረት ክፍሉ ሰው በሩ ላይ ተገትሯል።

«ያለ ደብዳቤ አይከፈትም» አለ።

«የልጁ እጅስ በደብዳቤ ነው የተቆረጠው?» አልኩና በጥፊ አጮልኩት። አንገቴን አነቀኝ። ሽበት ያወጣን ሰዎች እዚያ የጋለ አሸዋ ላይ ተንከባለልን። እሱ ጥርሴን አወለቀ፤ እኔ አፍንጫውን ሰበርኩ። ደስ ብሎኝ ነበር የምመታው፣ አልዋሽም። በመጨረሻ ደሙን በእጅጌው ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ተነስቼ ጓጉንቸሩን እስኪበጠስ ቀጠቀጥኩት፤ አላስቆመኝም። ላስቲኩን አብረን ቀደድነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው።

ልጁ ቁስሉ ሲሽር ትምህርቱን አልተወም። ለመጀመሪያ ጊዜ በቶርኖው ሳስተምር ማጥፊያውን ለሁሉም አሳየሁና፣ በየተራ ዓይናቸውን ጨፍነው በእጃቸው እንዲያገኙት አዘዝኩ። አንዳንዱ ሳተ፣ ተሳሳቁ። የእሱ ተራ ደረሰ። ዓይኑን ጨፈነ፤ ረስቶት ይሁን ለምዶበት፣ ቀኝ ክንዱን ዘረጋ። ባዶው እጅጌ በቀጥታ ማጥፊያው ላይ አረፈ።

«አገኘሁት ቲቸር» አለኝ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።