ሆራ የጠጣች ፒካፕ

ያ የጎረቤቴ ጎረምሳ መኪናው ላይ ሰፊ የጭስ ማውጫ ማርሚታ ካስገጠመ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ባስነሳት ቁጥር መስኮቴ ይንቀጠቀጣል፤ እኔም አልጋዬ ውስጥ ሆኜ እረግመዋለሁ። ዳገቱን ስትይዝ ግን ከሞተሯ የሚወጣው፣ ባቄላ ሲቆላ የሚንጣጣውን የሚመስል ደረቅ ድምፅ ወደ አምቦ ይወስደኝና እርግማኔ ወደ አባቴ ይዞራል።

አባቴ ከአምቦ ወንጪ ሰው የሚያመላልስባት አሮጌ ፒካፕ ነበረችው። እኛ ስናስል የማይሰማ ሰው እሷ ስታስል ከምሳው ይነሳል። የወንጪን ዳገት እያዘገመች ብታሳፍረው፣ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ ሄዶ ትልቅ ካርቡራቶርና ሰፊ ማርሚታ ገዝቶ መጣ። የገጠመለት አጥር የምንጋራው መካኒክ ኦቦ ለሚ ነው፤ ልጆቹ እኛ ቤት፣ እኛም እነሱ ቤት እየበላን ነው ያደግነው። ኦቦ ለሚ ሥራውን ጨርሶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀ፤ ሞተሩ ከእንግዲህ ከበፊቱ የበለጠ ስለሚግል ራዲያተሩ ውስጥ ሆራ እንዳይጨመር። አባቴ ሳቀበት። ቧንቧው በሳምንት አንዴ በሚንጠባጠብበት ከተማችን ሆራው፣ ያ ከመሬት እየተንፎለፎለ የሚወጣው ጨዋማ ውሃ፣ በነፃ ይፈሳል፤ ገበሬው ከብቱን ከሩቅ እየነዳ የሚያመጣው ያፋፋል ብሎ ነው፤ በሬ ያፋፋ ውሃ ፒካፕ ምን ያደርጋታል አለ። በጀሪካን እየቀዳሁ የማመጣለት እኔ ነበርኩ፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ኩራቴ አይጣል።

ሁለት ወር ሳይሞላ ዳገት ላይ መንጣጣት ጀመረች። አባቴ ምኑንም ሳያጣራ ለሚ ኦርጅናል ዕቃዬን ነቅሎ አሮጌ ቀርቅሮብኛል፣ ሌባ ነው ብሎ ሰፈሩን አዳረሰ። ኦቦ ለሚ ሰምቶ መጣ። እሁድ ከቸርች መልስ ስለነበር ጎረቤቱ ሁሉ ደጃችን ቆሟል። የረጅም ካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስደግፎ፣ ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጥ እዚህም እዚያም አዳመጠ፤ የተገጠመው ዕቃ ደህና ነው፣ የሚያስጮኻት ሙቀት ነው አለ። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆም የራዲያተሩን ክዳን ከፈተ፤ ጣቱን ነከረ፤ በእጁ አፉን አበስ አደረገና አባቴን አልፎ ወደ እኔ ዞረ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ውሃውን ከየት ነው የምታመጪው?»

አባቴ አየኝ። ያንን አስተያየቱን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

«ከቧንቧ» አልኩ።

ኦቦ ለሚ ክዳኑን መልሶ ገጠመና ካቻቢቴውን ይዞ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሌባ መባሉ ጸንቶበት መኪና የሚያመጣለት ጠፋ፤ ዓመት ሳይሞላ ቤተሰቡን ይዞ ጊንጪ ገባ። ፒካፗም አንድ ቀን ዳገት ላይ ሞተሯ ነዶ ቆመች። ሌላ መካኒክ ራዲያተሩን ሲቀደው ውስጡ በኖራ የተለሰነ ግድግዳ መስሎ ነጥቷል። አባቴ አይቶ ከቤት ጀርባ አስጣለው። እስኪሞት ድረስ ስለ ሆራው አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ እኔም አልተነፈስኩም፤ ጥፋቱን ሁሉ ለእሱ ሰጥቼ እንዳላርፍ የሚያደርገኝ ይኸው ነው።

እሱን ቀብሬ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ጊንጪ ላይ ወረድኩ። ኦቦ ለሚ ሸብቷል፤ ደጁ ላይ ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ አድርጎ የሰው መኪና እያዳመጠ ነበር። የአባቴን ሞት ነገርኩት፤ ያን ቀን ዋሽቼ ነበር አልኩት።

«አውቃለሁ፤ ቀምሼዋለሁ እኮ» አለኝ። «ብናገር ቤት ስትገቢ ይገድልሽ ነበር። እሱን ግን፣ ሞተም ብትዪኝ፣ አልማርኩትም።»

ይህን ብሎ ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለ። በልጅነቴ በሩን ሳላንኳኳ ገብቼ ከማዕዱ እጎርስ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ግቢ አላለኝም።