በዳንቴል የተሸፈነው ሣጥን

በቴፒ የቡና ላኪ ቢሮ ጸሐፊ የሆነችው ሰርካዲስ «እሺ» ማለት አይከብዳትም፤ ማድረጉ ግን ሌላ ነገር ነው። አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛ ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ጥበቡ፣ «ያን አሮጌ ጣይልኝ» አሏት። እሺ አለችና የሲፒዩውን ሣጥን ጥግ ላይ አጋድማ ነጭ ዳንቴል አለበሰችው። እሳቸውም ትንሽ ጠረጴዛ መስሏቸው በየጠዋቱ የሻይ ብርጭቋቸውን ያሳርፉበት ጀመር።

ኮምፒውተር ጠጋኙ ባየ የቢሮውን ኢሜይል አዲሱ ላይ ሲከፍት ግን የገባው የሰሞኑ መልእክት ብቻ ሆነ። የውጭ ገዢዎች ከዚያ በፊት የጻፉት ሁሉ የለም። ጋሽ ጥበቡን ላብ አጠመቃቸው።

«አንተ ነህ ያጠፋኸው!» ብላ ሰርካዲስ ባየ ላይ ጮኸች።

«ቆይ እስቲ፤ ፖስታ ቤት ሄደሽ ደብዳቤሽን ካወጣሽ በኋላ ሣጥኑ ውስጥ ምን ይቀራል?»

«ምን ይቀራል፣ ባዶ ነዋ!»

«ይኸውልሽ፣ አሮጌው ኮምፒውተርም መልእክቱን እያወጣ እዚያው ራሱ ላይ ነበር የሚያስቀምጠው። እሱ ከተጣለ አለቀ።»

ጋሽ ጥበቡ ያዘዙት ትዝ ብሏቸው አንገታቸውን ደፉ። ሰርካዲስን ግን ሳቋ አመለጣት።

«ጋሼ፣ እስቲ ብርጭቆዎን ያንሱልኝ።»

ዳንቴሉ ተገፈፈ። ሣጥኑ ከአዲሱ ስክሪን ጋር ሲያያዝ እያጓራ ተነሣ፤ መልእክቶቹም አንድ ሳይጎድል ተገኙ። ባየ ወደ አዲሱ ገልብጦ ሲጨርስ ጋሽ ጥበቡ «ተመስገን!» ብለው በረጅሙ ተነፈሱ። ሰርካዲስ ሣጥኑን ወደ ጥጉ መልሳ ዳንቴሉን አለበሰችው።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ጥበቡ ሻያቸውን የሚጠጡት በእጃቸው ይዘው ነው።