ጉድለቱንም ንገሪኝ

ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በነበረችበት ዓመት፣ የቡና ወቅት ሲሆን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዲላ ጪጩ ድረስ ይዣት እሄድ ነበር። እኔ ቡና ማጠቢያው ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና እለቅማለሁ፤ የተበሳውን፣ የተሰነጠቀውን፣ የጠቆረውን እያወጣሁ እጥላለሁ። እሷ ከጎኔ ቆማ እንግሊዝኛ ታጠናለች። ቤት ብቻዋን ትቻት መሄድ አልችልም ነበር። ቤታችን የሚያስፈራ ነገር ኖሮት አይደለም። እኔ እንዲሁ ስፈራ የምኖር ሰው ነኝ፤ ሲዘንብ ጎርፉን፣ ሲያባራ ባጃጁን እፈራለሁ።

ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ የምታነበው አይገባኝም፤ ድምፅዋን ግን እወደው ነበር። በዚያ ሰሞን የያዘችው የእንከንና የማታለል ቃላት ነበር። «ድሮባክ፣ ፍሎ፣ ዲሲቭ» እያለች ትደጋግማለች። ከአልጋው ማዶ የምትለቅም አንዲት ቀልደኛ ሴት ነበረች።

«ምን እያልሽ ነው አንቺ ልጅ?»

«ፍሎ ማለት እንከን ነው፣ እትዬ።»

«እንከን ለማጥናት እዚህ ድረስ ምን አለፋሽ? ቤቴ ሄደሽ ባሌን አታይውም?»

ሴቶቹ ሳቁ።

«ዲሲቭ ደግሞ ማታለል ነው» አለች ልጄ።

«እሱንም ያውቅበታል! የወንድሙን ማሳ የኔ ነው ብሎ አሳይቶ አይደል ያገባኝ!»

ተቆጣጣሪው ከሩቅ «እጅ ይሥራ!» ብሎ እስኪጮህ ሳቃችን አላቆመም። ቀጥላ «ዲፌክት» ስትል ግን እኔ ቀና አልኩ። ጥራት የሚያዩት ሰዎች ሁልጊዜ ስለሚሉት አውቀው ነበር። አንድ የተበሳ ፍሬ አንስቼ፣ «ይሄ ነው» አልኳት። ልጄ ፍሬውን አየችና አቀፈችኝ። እኔና እሷ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አብረን ስናውቅ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ክረምት ገብቶ ፈተናው ሲቃረብ የጎረቤታችን ዘመድ የሆነች ሴት ከአዲስ አበባ መጣች። ውጭ አገር ሆቴል ውስጥ የሚሠሩ፣ እንግሊዝኛ የሚሞክሩ ልጃገረዶች እንደምትፈልግ ተናገረች። መሄጃው ግን ከፈተናው በፊት ነው። ልጄ ልቧ ተነሣ።

«እማ፣ ፈተናውን ብወድቅስ? ያኔ ይሄም ያመልጠኛል።»

እምቢ ብል ዕድሜ ልኳን ትቀየመኛለች፤ እሺ ብል ደግሞ የት እንዳለች እንኳ ሳላውቅ ልቀር ነው።

ሴትዮዋ ቤታችን መጥታ ሻይ ቀረበላት። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ምግቡ በነጻ ነው፣ አሠሪዋ እንደ እናት ናት እያለች ዘረዘረች። እኛ ለቃሚዎች ጆንያ ሲቀርብልን አፉ ላይ ያለውን ፍሬ አይተን ዝም አንልም፤ እጃችንን እስከ ክርናችን ሰደን ከሥር እናወጣለን። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ሳዳምጣት ያ ነገር ትዝ አለኝ።

«ጥሩውን ነገርሽኝ፣ እህቴ። መጥፎውስ?»

«ምን መጥፎ አለው፣ እትዬ?»

«ትንሽም?»

«ትንሽም የለውም።»

ወደ ልጄ ዞርኩ። አስተማሪያቸው ስለ ማንኛውም ነገር ጥቅሙንም ጉዳቱንም አስጽፏቸው ስለነበር፣ «ስለ ሞባይል ስትጽፊ ጉዳቱ አላልቅ ብሎሽ ነበር። እስቲ ለዚህም ፈልጊለት» አልኳት።

ወደ ሴትዮዋ ቀና አለች። ቀስ ብላ፣ «ፓስፖርቴን የሚይዘው ማን ነው?» አለቻት።

«እነሱ ናቸዋ፣ እንዳይጠፋብሽ።»

«ሥራው ባይስማማኝስ? ለእማዬ በማን ስልክ ነው የምደውለው?»

ሴትዮዋ ወደኔ ዞራ፣ «ልጅሽ ገና ሳትሄድ ትከራከራለች» አለችና ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሣች።

ልጄ ቀረች። ብዙ ቀን ግን አኮረፈችኝ፤ በራሷ አፍ ጠይቃ መቅረቷን እያወቀች እንኳ እኔን አኮረፈችኝ። ሴትዮዋ ውሸታም ትሁን አትሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዳንድ ቀን የልጄን እንጀራ ዘግቼ ቢሆንስ እላለሁ።

ፈተናውን አለፈች። ዩኒቨርሲቲ የደረሳት ግን በጣም ሩቅ አገር ነበር። ከሸኘኋት በኋላ ስልኬን ከእጄ ሳልለይ ቆየሁ። ስትደውል፣ «ደህና ነኝ፣ ሁሉም ጥሩ ነው» ብትለኝ እንደማላምናት አውቅ ነበር።

«እማ» አለች፣ «ጉድለቱን ላስቀድምልሽ?»

«አስቀድሚ።»

«ውሃ ይጠፋል። ወጡ ሽሮ ብቻ ነው። የመኝታችን መስኮት አይዘጋም፣ ብርዱ አይጣል ነው። አንዷ ልጅ ደግሞ ስትተኛ ታንኮራፋለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላው ደህና ነው።»

አመንኳት። በማግስቱ ወፍራም ብርድ ልብስ ገዝቼ በአውቶቡስ ላክሁላት። ዘንድሮም ጪጩ እለቅማለሁ። ከጎኔ ያለው ቦታ ክፍት ነው፤ ያቺ ቀልደኛ ሴት ግን በየቅዳሜው ከማዶ ሆና፣ «ተማሪሽ ዛሬ ደግሞ ምን ጎደላት?» ትለኛለች። እኔም እየለቀምኩ አንድ በአንድ እነግራታለሁ።